የኦርኪዱ ቅጠልና የልጄ ክንድ

ባለቤቴ መቲ በምትባል የጫካ አገር ከተማ ያስተምራል። እኔ ጋምቤላ ከተማ በጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የለያየን ምደባ ነው እንጂ ትዳራችን ሰላም ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ሲፈቅድለት በወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ማርና ቡና ይዞ። አንድ ጊዜ ግን በኬሻ የተጠቀለለ የግንድ ስባሪ ከመኪና አወረደ። ስባሪው ላይ ተክል ተጣብቆ ነበር።

«ዛፉ ወድቆ አገኘሁት። ከዛፉ ጋር ከሚሞት ብዬ ነው» አለኝ።

«አፈሩስ?»

«አፈር አይፈልግም። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ኦርኪድ ይባላል።»

ስምንት ቅጠል ነበረው። ቅጠሎቹ እንደ ቀበቶ ቆዳ ወፍራም ናቸው፤ ግራና ቀኝ ተዘርግተው መሐል ላይ አንድ እምብርት ውስጥ ይገናኛሉ። ሥሮቹ ከግንዱ አልፈው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። የሞቱ ይመስላሉ፤ አመድ መልክ። ባለቤቴ በመዳፉ ውሃ ዘግኖ አንዱን ሥር ነካው። አመዱ ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ። ልጃችን ሳቀች። እኔ አማተብኩ።

አንዲት ልጅ ናት ያለችን። ከብዙ ልመና በኋላ የተሰጠችኝ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ግንዱን ማንጎው ላይ፣ ጥላ ውስጥ ቀጥ አድርገን ሰቀልነው። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ስታየን ቆየች።

«ይበላል?» አለች።

«አይበላም።»

«ጥላ ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«አፈርም አይነካ፣ እህልም አይሆን። ተክል ነው ወይስ ባሕታዊ?»

ከዚያ ወዲህ ባሕታዊው ብላ ጠራችው። አንድ ሰሞን ነጫጭ አበባ አወጣ። ቀን አፍንጫችንን ብናስጠጋው ምንም አይሸትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ግቢው በሙሉ ይሸታል፤ ሰው ለብሶት የመጣ ሽቶ ይመስላል፤ ሰው ግን የለም። ልጄ ደስ ይላት ነበር። እኔ በሩን እዘጋለሁ።

በሚያዝያ ሙቀት ጦጣዎች ማንጎውን ተረማምደው ቆርቆሯችን ላይ መውረድ ጀመሩ። ንጋት ላይ እንደ ሰው እርምጃ ይሰማል፤ ልጄ እየደነገጠች ትነሳለች። ጣራው ላይ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ አስቆረጥኩት። ጦጣዎቹ ቀሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከግራ ሦስተኛው ቅጠል ላይ የጣት አሻራ የሚያህል ገርጣ ያለ ነጠብጣብ አየሁ። ምንም አልመሰለኝም።

በዚያው ሳምንት የልጄን ፀጉር ስሠራ ክንዷን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ ነበር። ከግራ ክርኗ ዝቅ ብሎ ገርጣ ያለ ነገር አየሁ። የጣት አሻራ የሚያህል።

እዚህ ላይ ሥራዬን መናገር አለብኝ። የምሠራበት ክፍል በር ላይ «ሳንባ ነቀርሳና ሥጋ ደዌ» ይላል። እንዲህ ያለ ገርጣ ቆዳ ሳይ ጥጥ ማንሳት ሥራዬ ነው። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፤ በጥጥ ጫፍ እነካዋለሁ፤ የነካሁትን ቦታ በጣቱ ያሳየኛል። ያላሳየው ቦታ መልሱን ይሰጠኛል። በጊዜ ከተገኘ በክኒን ይድናል። ከዘገየ ነርቩ ይሞታል፤ እጅ ይደክማል፤ ጣት ይታጠፋል፣ አይዘረጋም። ይህን ስንት እናት አስቀምጬ አስረድቻለሁ።

«ቋቁቻ ነው። ሙቀቱ ነው» አልኳት ልጄን። ቅባት ቀባኋት።

ቅባቱ ለውጥ አላመጣም። የሰኔ ጾም ሲገባ ጠበል አመጣሁ። በየማለዳው ከጸሎት በኋላ ሳፋ አስቀምጬ ክንዷን አጥባት ጀመር። ልጄ አትቃወምም፤ እጇን ዘርግታ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ትቆማለች። የተረፈ ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ከአጥር ሥር ወይም ከዛፍ ሥር ታፈሰው ነበር። የኪራይ ግቢያችን ግን ጠባብ ነው፤ ዶሮ ያልረገጠው፣ ሰው ያላለፈበት ቦታ የለውም። ቀና ስል ባሕታዊውን አየሁ። ከእግር ሁሉ በላይ ነው። በርጩማ ላይ ቆሜ ከሳፋው በጣሳ እየቀዳሁ እምብርቱ ላይ አፈሰስኩለት። ሥሮቹ ወዲያው አረንጓዴ ሆኑ።

ሳምንት ሳይሞላ እምብርቱ ውስጥ ያለው አዲሱ ቅጠል ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነገር ወጣ። በነጋታው ቡናማ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠቆረ።

ጎረቤቴ «ባሕታዊው ታመመ?» አለችኝ።

«እየወሰደላት ነው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም አብሬ ሰማሁት።

ያመንኩት ይህንን ነበር። ክንዷን ያጠበው ውሃ ወደ ቅጠሉ እየሄደ ነው፤ ቅጠሉ ጠቁሯል፤ ስለዚህ ነገሩ ከልጄ እየወጣ ነው። በየማለዳው ክንዷን ሳይሆን ቅጠሉን እያየሁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ጥቁሩ በሰፋ ቁጥር ደስ አለኝ። አንድ ቀን ልጄ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ፣

«እማዬ፣ ተክሏ የታመመችው በእኔ ነው?» አለች።

«ዝም በይ፤ ፊትሽን ታጠቢ።»

ከዚያ ወዲህ በተክሉ ሥር ስታልፍ ግራ እጇን ከኋላዋ ትደብቅ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ልጄ ከሰል ላይ ሽሮ እየሠራች ነበር። በብረት ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች። በሩ ላይ እያለሁ ሽታው ደረሰኝ።

«ጎረቤት ሥጋ ጠብሰዋል መሰለኝ፤ በጾም» አለች ፈገግ ብላ።

የግራ ክንዷ የድስቱ ጠርዝ ላይ ነበር።

ስቤ አነሳኋት። ደነገጠች፤ የደነገጠችው ስለሳብኳት ነው። ክንዷን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ቆዳው ተልጧል። አላለቀሰችም፤ የሚያስለቅስ ነገር አልተሰማትም። አጥቤ አሰርኩላት። እጄ ሥራውን ያውቃል።

በማግስቱ ማለዳ እምብርቱ ውስጥ ያለው ቅጠል ወድቆ መሬት ላይ አገኘሁት። ጥቁር፣ እርጥብ፤ ሽታ ነበረው። አለቀ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወጥቶላታል። እንዲያ ነው ያሰብኩት። ቅጠሉ ለምን እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው አፍ መስማት ፈለግሁ። ቅጠሉን ንጹሕ የአክታ ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ወደ ሥራ ሄድኩ።

በዚያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱልኝ አንድ የአቦቦ ወረዳ ሰው ነበሩ። የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ የሰብል በሽታ መለየት ነው ሥራቸው። ለሕክምናው ከተማ ወንድማቸው ቤት ተቀምጠው በየማለዳው ይመጣሉ። አማርኛ ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው ነው፤ በእሳቸው አማርኛ «እርስዎ» የሚባል የለም፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። ደስ ይለኛል።

ክኒናቸውን ሲውጡ ዕቃውን አቀረብኩላቸው። ከፍተው አዩት።

«ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ ስንት ሳምንት ሳለ?»

ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ቅጠሉን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ገለበጡት፤ አሸተቱት።

«የላይኛው ነው የታችኛው?»

«ከእምብርቱ ነው።»

«ከጫፍ ጀመረ ከሥር?»

«ከሥር ይመስለኛል።»

«ሌሎቹ ቅጠሎችስ?»

«አንዱ ላይ ገርጣ ያለ ነጠብጣብ አለ። እሱ ነው የቀደመው።»

«ዳሰስሽው?»

«አልዳሰስኩትም።»

ዕቃውን አስቀመጡት። «ዓይን ብቻውን ይዋሻል፤ ሲስተር። መጀመሪያ ቀን እኔ ምን አልኩሽ? ብርድ ነው አልኩሽ። አንቺስ ምን አልሽኝ?»

«ሳይመረመር አይታወቅም አልኩዎት።»

«እ» አሉና ክዳኑን ገጠሙት። «ከሥራ ስትወጪ ቤትሽ እመጣለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ረጅም ናቸው፤ በርጩማ አላስፈለጋቸውም። መጀመሪያ ሦስተኛውን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ያዙት። ገርጣውን ቦታ በአውራ ጣት አሹት።

«ደረቅ ነው። እንደ ወረቀት። ከታየ ወዲህ ሰፍቷል?»

አሰብኩ። «አልሰፋም።»

ቀና ብለው ማንጎውን አዩ። የተቆረጠውን ጉማጅ አዩ። «ቅርንጫፉ መቼ ተቆረጠ?»

«በሚያዝያ። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

«እንግዲህ ይሄ ፀሐይ ነው። የጥላ ተክል ነው፤ ቆዳው አልለመደም። ተቃጠለ። ጠባሳው ይኖራል፤ አይዛመትም። በዚህ አይሞትም።»

ከዚያ እምብርቱን ጫን አደረጉት። ቡናማ ውሃ ወጣ። ያ ሽታ መጣ።

«ይሄ ሌላ ነው። ይሄ ብስባሽ ነው። እዚህ ውሃ ቆሞ ይውላል፤ ቆሞ ያድራል።» ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ጫካ ውስጥ ይሄ ተክል ወደ ጎን ተጋድሞ ነው የሚያድገው፤ ዝናቡ ይፈስለታል። እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ ሰቀላችሁት፤ ስኒ ሆነ። ቢሆንም ዝናብ ብቻ እንዲህ አያደርገውም። ማን ነው በየቀኑ የሚሞላው?»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ። ጠበል ነው» አልኩ።

ወደ ተክሉ ዞሩ። «ስለ ጸሎቱ እኔ አላውቅም፤ ሲስተር። ውሃው ግን ውሃ ነው።»

«ከገርጣው ቀጥሎ ነው የጠቆረው። ከዚያ የመጣ አይደለም?»

«አይደለም። ሁለት በሽታ ነው። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ውሃ። አይተዋወቁም። አንቺ ነሽ ያጋባሻቸው።»

የበሰበሰውን በቢላ ቆርጠው አወጡ። ግንዱን አዙረን ወደ ጎን እንድንሰቅለው፣ እስኪደርቅ ውሃ እንዳናስነካው አሳዩን። ሻይ ጠጥተው፣ ልጄን በርትተሽ ተማሪ ብለው ሄዱ። ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻ አይተውት እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቁም።

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ጥቁሩ ከውሃው ከሆነ፣ ከልጄ ክንድ የወጣ ነገር የለም ማለት ነው። በየማለዳው ያመሰገንኩት ለብስባሽ ነበር። የልጄ ነገር ባለበት አለ፤ እንዲያውም ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።

ገና ብርሃን ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ ጥጥ አወጣሁ፤ ጫፉን አሾልኩት።

«ነይ ተቀመጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ በጣትሽ አሳዪኝ።»

ቀኝ ክንዷን ነካሁ። አሳየችኝ። የግራ እጇን አንጓ ነካሁ። አሳየችኝ። መዳፏን፣ አሳየችኝ፤ ትንሿ ጣቷ ላይ ስደርስ ቆየት ብላ አሳየችኝ። ፋሻውን ገለጥ አድርጌ፣ ከቃጠሎው ራቅ ብዬ፣ ገርጣውን ቦታ ነካሁ።

ምንም።

እንደገና ነካሁ። ከማንጎው ላይ አንድ ቅጠል ወደቀ፤ እሱን ሰማች፤ ጆሮዋን አዞረች። ሦስተኛ ጊዜ ጥጡን አሳርፌ ቆየሁ።

«እማዬ» አለች፤ ዓይኗን እንደጨፈነች። «መቼ ነው የምትጀምሪው?»

ጥጡ ክንዷ ላይ ነበር።

በማግስቱ ይዣት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በራሴ ክፍል፣ በታማሚ በኩል ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። የሥራ ባልደረባዬ የሆነው ጤና መኮንን ክርኗን ዳሰሰ፤ ነርቩ ወፍሯል። ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ጣቱን እንድትገፋ አደረገ። ገፋችው፤ ግን በቀላሉ መለሳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

«ከሚያዝያ። ያየሁት በሚያዝያ ነው» አልኩ።

እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ጻፈ። «ደርሰሻል። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ጣቷን እናጣው ነበር» አለኝ።

ለሌሎች ልጆች ስቆጥር የኖርኩትን ክኒን ለልጄ ቆጠርኩ። እኔም ተመረመርኩ፤ ባለቤቴም ሲመጣ ተመረመረ። በስልክ ስነግረው፣ «እየመጣሁ ነው» አለ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ልጄ፣ ጠበልንና ክኒንን ማን አጣላቸው?» አሉኝ። «ክኒኑን በጠበል ትዋጠው። አንቺ የበደልሽው ጠበል መጠቀምሽ አይደለም። የተሰጠሽን እውቀት መደበቅሽ ነው።» ከዚያም፣ «ደግሞ እግር የማይረግጠው ቦታ ጠፍቶ ነው ሰማይ ላይ የሰቀልሽው?» አሉ። ያኔ አለቀስኩ።

ልጄ ስድስት ወር ክኒኗን ዋጠች፤ በየማለዳው፣ በጠበል። አንድ ቀን አልዘለለችም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት መውጣት አልፈለገችም። ጎረቤቴ ነገሩን ስትሰማ ትሸሻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በአጥሩ በኩል አንገቷን አስገብታ «እጅሽ ነው የታመመው ወይስ እግርሽ? ነይ ገበያ ተከተይኝ፤ ዘንቢል የሚይዝልኝ አጥቻለሁ» አለቻት። ልጄ ዘንቢሉን በቀኝ እጇ ይዛ ወጣች። ያቺን ሴት ሳልጸልይላት የማድርበት ቀን የለም።

የግብርናው ሰውም መድኃኒታቸውን ጨርሰው ወደ አቦቦ ተመለሱ። የመጨረሻ ቀን፣ «ያ ውሃ የበዛበት ተክልሽስ?» አሉኝ።

«ላዩ ሞቷል። ሥሩ አለ።»

«ሥሩን ዳሰስሽው?»

«ዳሰስኩት። ጠንካራ ነው።»

«አሁን ባለሙያ ሆነሻል» አሉና እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ።

እምብርቱ አልተመለሰም። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ወድቀው ሦስት ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ያ ገርጣ ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ እንዳሉትም አልሰፋም፤ አልጠፋም። ከዝናቡ በኋላ ከታች፣ ከአሮጌ ሥር አጠገብ የጥፍር ጫፍ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ወጣ። ልጄ ናት ያየችው። በግራ እጇ ነካችው። እኔ ምልክት ነው አላልኩም። ምልክት ብዬ ያደረግሁትን አውቀዋለሁ። የተረፈውን ጠበል አሁን ከቤቱ ጓሮ፣ ባለቤቴ በድንጋይ በከለላት ጥግ አፈሳለሁ።

ያ የአበባው ሽታ ግን አንዳንድ ማምሻ ይመጣል። አበባ ሳይኖር። ልጄንም «ይሸትሻል?» አልኳት፤ «ይሸተኛል» አለች። አሁን በሩን አልዘጋም።

ክኒኑ ያለቀ ዕለት ከሥራ መልስ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ጥጥ አወጣሁ። ሳልነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ትንሿን ጣቷን ነካሁ፤ ወዲያው አሳየችኝ። አንጓዋን ነካሁ፤ አሳየችኝ። የቃጠሎው ጠባሳ አጠገብ፣ ገርጣው ቦታ ጠርዝ ላይ ጥጡን አሳረፍኩ። ቅንድቧ ተንቀሳቀሰ።

«አሁን ጀመርሽ» አለች።

ተመስገን አልኩ። ከዚያ ጥጡን ወደ መሐሉ ወሰድኩት። እዚያ ገና ዝም ይላል። ጥጡን አላነሳሁም፤ ዓይኗን እንደጨፈነች ፊቷን እያየሁ ቆየሁ።